ማለቁ የማይታወቅ ዝርዝር

በኡጋንዳ ዋና ከተማ ካምፓላ ውስጥ ቦዳ ቦዳ የሚባለው የሞተር ሳይክል ታክሲ የማይገባበት ጉራንጉር የለም። ሚኒባሱ መንገድ ተዘግቶበት ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ ሞተር ሳይክል ላይ ይፈናጠጣል፤ ሞተሩም በመኪኖቹ መሃል እየተሹለከለከ፣ ጭሱንና ቀዩን አቧራ እየሰነጠቀ ይሄዳል። ከእነዚህ ሞተሮች በአንዳንዶቹ ላይ ትንሽ ሣጥን ታስሮ ከተማዋን ሲዞር ቆይቷል። ሣጥኑ አየር ይስባል፣ ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ደቃቅ ብናኝ ይለካል፣ ልኩንም በሞባይል ኔትወርክ ይልካል። መሰሎቹ በየምሰሶውና በየሕንጻው ላይ ተሰቅለዋል። ሥራው ኤርኮ ይባላል፤ በ2015 በማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በ2019 ከጉግል የበጎ አድራጎት ድርጅት 1.3 ሚሊዮን ዶላር አገኘ፤ ከዚያ ወዲህ ከኡጋንዳ ወጥቶ ወደ ሌሎች የአፍሪካ ከተሞችም ተሻግሯል።

ስለ ካምፓላ አየር ብዙ ተጽፏል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዚህ ብናኝ ዓመታዊ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ የከተማዋ ልክ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከሣጥኑ ማዶ ያለው፣ መልእክቱን የሚቀበለው ፕሮግራም ነው።

ለመቀበያው ፕሮግራም ኮድ ሊጽፍ የተቀመጠ የማኬሬሬ ተማሪ እናስብ። በመጀመሪያው ዓመት የተማረው ፎር ሉፕ በእጁ ነው፦ ዝርዝሩን ያዝ፣ ከአንደኛው እስከ መጨረሻው ሂድበት፣ ለእያንዳንዱ ይህን አድርግ፣ ሲያልቅ ውጣ። ዝርዝሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ካለ ሉፑ በቅጽበት ይጨርሰዋል። የሣጥኑ ልኬቶች ግን ገና አልተወለዱም። ቀጣዩ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይመጣ ይሆናል፤ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ማታ ይመጣ ይሆናል፤ ሣጥኑ ተሰርቆ ከሆነ ከናካቴው አይመጣም። ሉፑ «ቀጣዩስ?» ብሎ ሲጠይቅ ለመስማት የተዘጋጀው ሁለት መልስ ብቻ ነው፤ «ይኸው» ወይም «አልቋል»። ከሣጥኑ በኩል ያለው እውነተኛ መልስ ደግሞ «ገና» ነው። ይህ ሦስተኛ መልስ ወደ ሉፑ እስኪገባ ወደ ስልሳ ዓመት ፈጀ።

መነሻው ብዙም የማይጠበቅ ቦታ ላይ ነው፤ የአስተርጓሚ ፕሮግራሞች ሥራ። በ1958 ሜልቪን ኮንዌይ የተባለ አሜሪካዊ ኮሩቲን የሚል ስም ለአንድ ሐሳብ አወጣ፤ በኮቦል ቋንቋ አስተርጓሚ ፕሮግራም ላይ ያሳየበት ጽሑፍ በ1963 ታተመ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ አንድ የፕሮግራም ክፍል ሥራውን ሳይጨርስ መሃል ላይ ቆሞ ለሌላው ተራ ይሰጣል፤ ተራው ሲመለስለት ከጅምሩ ሳይሆን ካቆመበት ይቀጥላል። (የድርጅቶች አወቃቀር በሚሠሩት ሶፍትዌር ላይ ይታያል የሚለውን «የኮንዌይ ሕግ» የሰማ ሰው ሰውየውን ያውቀዋል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ኮሩቲን ነው።)

ቀጣዩ ምዕራፍ በ1975 ነው። በኤም አይ ቲ ሲኤልዩ የተባለ ቋንቋ እየነደፈ የነበረው የባርባራ ሊስኮቭ ቡድን ወደ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሄዶ የቢል ዉልፍንና የሜሪ ሾን አልፋርድ ቋንቋ አየ። አልፋርድ ጄኔሬተር የሚባል ነገር ነበረው፤ አንድ ስብስብ ውስጡን ሳይገልጥ ያለውን ነገር አንድ በአንድ ለሉፕ የሚያቀርብበት ዘዴ። የሊስኮቭ ቡድን ጉልበቱን ወደደው፤ የሚያስጽፈው ኮድ ብዛት ግን አላማረውም። ከጉብኝቱ ሲመለሱ የቡድኑ አባል ራስ አትኪንሰን አጭሩን መንገድ አገኘው። ያይልድ በሚል አንድ ቃል ክፍሉ አንድ ዋጋ አውጥቶ ይሰጣል፤ ሉፑ ሠርቶበት ሲመለስ ክፍሉ ካቆመበት ይነሳል። ኢተሬተር የምንለው ይህ ነው። ዛሬ በፓይተን የሚጽፍ ሰው በ2001 ወደ ቋንቋው በገባው ያይልድ ሲጠቀም የሲኤልዩን ውርስ እየበላ ነው።

ኢተሬተር ስንፍናን ትክክለኛ ቦታ አስያዘው። ሳይጠየቅ ምንም አያወጣም፤ ሲጠየቅ አንድ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ማለቂያ የሌለው ዝርዝር እንኳ ሊሰጥ ይችላል። ጉድለቱ ሲጠየቅ የግድ አሁኑኑ መመለስ ያለበት መሆኑ ነው። መልሱ ገና በሞባይል አንቴናና በአንቴና መካከል ከሆነ ፕሮግራሙ ባለበት ደርቆ ይቆማል፤ እሱ ደርቆ ሲቆም የሌሎቹ ሣጥኖች መልእክት በር ላይ ይከማቻል።

ከዚህ በተቃራኒ የቆመ ሌላ ልማድ ነበር። ጠያቂው ይቅር፣ መልእክቱ ሲመጣ ራሱ ይጥራን፤ ማለትም አስቀድመን «ሲደርስ ይህን ሥራ» ብለን አንድ ኮልባክ እናስቀምጥ። በ2009 ራያን ዳል ያስተዋወቀው፣ ኖድ የተባለው የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ በዚህ ልማድ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ሰርቨር ማንንም ቆሞ ሳይጠብቅ ብዙ ሺህ ግንኙነት እንዲያስተናግድ አስቻለው። ዋጋው ግን ነበረው። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር የኖረ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፦ ውሃው የሚመጣው በራሱ ሰዓት ነው፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባልዲው ሞልቶ ቢፈስም ቧንቧው አይሰማህም። ኮልባክም እንዲሁ ነው። መልእክቱ ከሥራው ሲፈጥን «ቆይ» የሚልበት መንገድ የለም። በዚያ ላይ አንዱ ኮልባክ በሌላው ሆድ፣ ያኛውም በሌላው ሆድ እየገባ ኮዱ ወደ ቀኝ ያጋድላል፤ ስህተት ሲፈጠር ማን እንደሚይዘው አይታወቅም፤ ከሉፕ ውስጥ «ይበቃኛል፣ ልውጣ» ማለት ራሱ ብልሃት ይጠይቃል።

በዚሁ ጊዜ ማይክሮሶፍት ውስጥ ኤሪክ ሜየር የተባለው ሆላንዳዊ አንድ ነገር አስተዋለ። ኢተሬተርና የመልእክት ተቀባይ የሚመስሉትን ያህል ባዕዳን አይደሉም፤ ቀስቱን ብታዞረው አንዱ ሌላውን ይሆናል። በኢተሬተር ተጠቃሚው ይስባል፤ በሌላው ምንጩ ይገፋል። ከዚህ ሪአክቲቭ ኤክስቴንሽንስ የተባለው የኮድ ቤተ መጻሕፍት ተወለደ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ሳይታሰብ ወደ ካምፓላ ይመለሳል። ኤርኮን የመሠረቱት የማኬሬሬው የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ኢንጂነር ባይኖሙጊሻ ናቸው («ኢንጂነር» ማዕረግ እንዳይመስላችሁ፣ የመጀመሪያ ስማቸው ነው)። ከአየር ብናኝ በፊት ሥራቸው የፕሮግራም ቋንቋ ነበር። የዶክትሬት ትምህርታቸውን ብራስልስ በሚገኘው ፍራይ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ፤ በ2013 ከቶም ቫን ኩትሰም፣ ከቮልፍጋንግ ደ ሞይተርና ከሌሎች ባልደረቦች ጋር ስለ ሪአክቲቭ ፕሮግራሚንግ (አንድ ዋጋ ሲለወጥ ከእሱ የሚሰላው ሁሉ በራሱ የሚታደስበት አጻጻፍ) ያወጡት ዳሰሳ በመስኩ ደጋግሞ የሚጠቀስ ነው። ዳሰሳው የነበሩትን ቋንቋዎች በስድስት መስፈርት አበጥሯቸዋል። አንዱ መስፈርት ይኸው የእኛ ጥያቄ ነው፦ አዲሱን ዋጋ ማን ያንቀሳቅሰዋል፣ የሚፈልገው ይስባል ወይስ ያለው ይገፋል? ለምሳሌ ኮናል ኤሊየትና ፖል ሁዳክ በ1997 ያስተዋወቁት ፍራን የሚስብ ወገን ነው፤ ከእሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ የሚገፉ ናቸው። ባይኖሙጊሻ የሠሩበት የብራስልስ ቤተ ሙከራ ደግሞ አምቢየንትቶክ የሚባል ቋንቋ ነበረው፤ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች ለሚነጋገሩበት የተሠራ። መነሻ ሐሳቡ እኛ አካባቢ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም፦ የኔትወርክ መቆረጥ ብልሽት ሳይሆን የተለመደ ኑሮ ነው። ስለዚህ የተላከው መልእክት ግንኙነቱ እስኪመለስ በትዕግሥት ይቀመጣል።

ሰውየው ይህን ሁሉ ካጠኑ በኋላ ወደ ካምፓላ ተመልሰው መብራት በሚጠፋበትና ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ከተማ መልእክት የሚልኩ ሣጥኖችን ምሰሶ ላይ መስቀላቸው ለእኔ ከማንኛውም የቴክኖሎጂ ወሬ በላይ ደስ የሚል ነገር ነው።

አሁን ወደ ሉፑ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ አንድ ቁራጭ ቦታ ባዶ እንደነበር ብዙዎች አይተዋል። አሁን ያለ አንድ ዋጋ ማለት ተራ ተለዋዋጭ ነው። አሁን ያሉ ብዙ ዋጋዎች ኢተሬተር ናቸው። ወደፊት የሚመጣ አንድ ዋጋ ፕሮሚስ ነው፤ «ገና ነው፣ ሲደርስ እዚህ ታገኘዋለህ» የሚል ደረሰኝ። ወደፊት የሚመጡ ብዙ ዋጋዎችስ? ለዚህ በሰፊው የሚታወቅ የሚስብ መልስ አልነበረም። የሚገርመው ሁለቱም ቁልፎች በአንድ እጅ አልፈው ነበር፤ ፕሮሚስን በ1988 ከሊዩባ ሽሪራ ጋር ሆና በዝርዝር ያቀረበችው ያችው የኢተሬተሯ ባርባራ ሊስኮቭ ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው አጻጻፍ በብዙ ሰው እጅ ያሉ ቋንቋዎች ውስጥ የገባው ግን ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ግምት ለማንም የሚመጣ ነው። ተራ ኢተሬተር ይሁን፣ የሚያወጣቸው ዋጋዎች ግን ፕሮሚስ ይሁኑ፤ የደረሰኝ ዝርዝር። ለመቶ የታወቁ ፋይሎች ይሠራል። ከቦዳ ቦዳው ሣጥን ፊት ግን ወዲያው ይወድቃል። ኢተሬተሩ በተጠየቀ ቁጥር ሁለት ነገር መመለስ አለበት፤ ዋጋውን፣ እንዲሁም ዝርዝሩ አለቀ ወይስ አላለቀም የሚለውን። ዋጋውን ደረሰኝ ውስጥ አስገብቶ ማቆየት ይቻላል። «አለ» ወይስ «አልቋል» የሚለው ግን ከደረሰኙ ውጭ ቀርቷል፤ አሁኑኑ መመለስ አለበት። ሣጥኑ ሌላ ልኬት ይልክ እንደሆነ አሁን ማን ያውቃል? ባትሪው እንዳለቀ ወይም ቦዳ ቦዳው ከኮረብታ ጀርባ እንደገባ የሚታወቀው በኋላ ነው። ደረሰኝ ከሰጠህ «አለ» ብለህ ዋሽተሃል፤ ካልሰጠህ «አልቋል» ብለህ ዋሽተሃል።

ግኝቱ ይህን ማየት ነው፦ የሚጠበቀው ዋጋው ብቻ ሳይሆን ማለቁም ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ደረሰኙ ውስጥ መግባት አለባቸው። ሉፑ «ቀጣዩስ?» ሲል አንድ ደረሰኝ ይቀበላል፤ ደረሰኙ ሲፈታ ወይ ልኬት ይዞ ይወጣል ወይ «አበቃ» ይላል ወይ ስህተት ይወረውራል። እስኪፈታ ድረስ ሉፑ ተራውን ለሌላው ይለቃል፤ ሲፈታ ካቆመበት ይቀጥላል። የኮንዌይ ኮሩቲን ከስር ይታያል። አሲንክሮነስ ኢተሬተር ማለት ይህ ነው፤ ሲያዩት ከተራው ኢተሬተር የሚለየው በአንድ ደረሰኝ ብቻ ነው።

በ2015 መስከረም ላይ የወጣው ፓይተን 3.5 ይህን በዩሪ ሴሊቫኖቭ ሐሳብ መሠረት «አሲንክ ፎር» በሚል አጻጻፍ ተቀበለው። መጀመሪያ ላይ ግን ከሚገባው በላይ አስጠበቁት። ቀጣዩን ዋጋ መጠበቅ ብቻ ሳይሆን ኢተሬተሩን ራሱን ማግኘትም መጠበቅ የሚጠይቅ አድርገው ነበር። የአሲንክሮነስ ጄኔሬተር ሐሳብ ሲመጣ ነገሩ እንደማይገጥም ታየ፤ በ3.5.2 ተስተካከለ፤ ኢተሬተሩ ወዲያው ይሰጥሃል፣ የምትጠብቀው ከእሱ የሚወጣውን ብቻ ነው። በ2016 መጨረሻ የወጣው ፓይተን 3.6 በአሲንክሮነስ ክፍል ውስጥ ያይልድ እንዲጻፍ ፈቀደ፤ ቀድሞ ሙሉ ክላስ ይጠይቅ የነበረው ሥራ ጥቂት መስመር ሆነ። ጃቫስክሪፕት በዶመኒክ ዴኒኮላ መሪነት በ2018 ተከተለ፤ ሲ ሻርፕ በ2019፣ ስዊፍት በ2021።

የእኛ ተማሪ አሁን ኮዱን በአንድ ትንፋሽ ሊጽፈው ይችላል፦ ከሣጥኑ ለሚመጣው ለእያንዳንዱ ልኬት፣ እየጠበቅህ፣ ትክክለኛነቱን አረጋግጥ፣ መዝግብ። ከላይ ወደ ታች የሚነበብ፣ ስህተቱ በተለመደው መንገድ የሚያዝ፣ በፈለገበት የሚወጣበት ሉፕ። ስለሚስብ ደግሞ ያንደኛውን ልኬት መዝግቦ ሳይጨርስ ሁለተኛውን አይጠይቅም። ሣጥኑ ግን ይህን አያውቅም፤ መላኩን ይቀጥላል። ስለዚህ መሃል ላይ ቋት አለ፤ ቋቱ ሲሞላ አሮጌው ይጣል ወይስ አዲሱ የሚለውን ሰው ይወስናል። አሲንክሮነስ ኢተሬተር ጎርፍን ያስቀራል ብለው የሚያስተምሩ አሉ፤ ጎርፉ የት እንደሚቆም በግልጽ ያሳይሃል እንጂ አያስቀረውም።

አጻጻፉ ማማሩ የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። አሲንክ የሚለውን ቃል ያየ ሁሉ ሥራዎቹ ጎን ለጎን የሚሄዱ ይመስለዋል። ሉፑ ውስጥ ግን ሁሉም በተራ ነው። መቶ ሣጥኖችን በአንድ ሉፕ አንድ በአንድ ብትጠይቅ፣ ሦስተኛው ሣጥን ዝም ካለ የቀሩት ዘጠና ሰባት ከእሱ ኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ለእያንዳንዱ ሣጥን የራሱን ሉፕ ሰጥቶ ጎን ለጎን ማስኬድና ውጤታቸውን ወደ አንድ ቋት ማፍሰስ የፕሮግራመሩ ፈንታ ነው፤ ፓይተን ለዚህ የሚመች የተግባር ቡድን የሚባል መሣሪያ ያገኘው በ2022 በወጣው 3.11 ነው።

ከዚህ የከፋው ዝምታው ነው። በጃንዋሪ 13 ቀን 2021፣ በአገሪቱ ምርጫ ዋዜማ፣ የኡጋንዳ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ የተከፈተው በዚያው ወር በ18 ነው። (ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ ራሱን ይነቀንቃል።) እንዲህ ባሉ ቀናት ከውጭ መልእክት የሚጠብቅ ሉፕ ምን ይሆናል? ምንም። ስህተት አይወረውርም፣ አይወድቅም፣ አያለቅስም፤ ደረሰኙን ይዞ ይቀመጣል። ከሉፑ ውስጥ ሆኖ «ገና» እና «መቼም» አይለዩም። የሚለያቸው ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰዓቱንም የሚያስቀምጠው ሰው ነው። አሥር ደቂቃ ብትል ቦዳ ቦዳው ኮረብታው ጀርባ ሳለ ሞቷል ብለህ ትፈርድበታለህ፤ አንድ ቀን ብትል የተሰረቀው ሣጥን እስከ ነገ ይኖራል። ትክክለኛ ቁጥር የለውም፤ ለእያንዳንዱ ቦታ ተገምቶ የሚቀመጥ ነው።

ባይኖሙጊሻና ባልደረቦቻቸው በ2013 ገና መፍትሔ የለውም ብለው የተዉት ችግርም እዚሁ ይገኛል። ግሊች ይሉታል። አንድ ዋጋ ከሁለት ምንጮች ሲሰላ አንዱ ምንጭ ታድሶ ሌላው ሳይታደስ የሚፈጠር የአፍታ ውሸት ነው። በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ የስሌቱን ቅደም ተከተል አስተካክሎ ማስቀረት ይቻላል፤ ምንጮቹ በኔትወርክ ሲለያዩ ግን የነበሩት ዘዴዎች ዋስትና አይሰጡም። የኤርኮ ሣጥን ውስጥ ሁለት የብናኝ መለኪያዎች አሉ፤ አንዱ ሲያብድ ሌላው እንዲያጋልጠው። ሁለቱን ልኬቶች ሣጥኑ አጣምሮ በአንድ መልእክት ከላከ ችግር የለም። በሁለት ጅረት ቢመጡና ሉፑ የአሥር ሰዓቱን ከአሥር ሰዓት ከሩቡ ጋር ቢያነጻጽር ግን ጤነኛው መለኪያ ያበደ ይመስላል። ለዚህ አሲንክሮነስ ኢተሬተር ምንም አያደርግም፤ መልእክቱ ላይ የልኬቱን ሰዓት ጽፎ በእሱ ማጣመር ነው መፍትሔው።

የሰዓት አማካይም እንዲሁ ያስቸግራል። እነዚህ ርካሽ መለኪያዎች በእርጥበትና በሙቀት ይታለላሉ፤ የማኬሬሬ ተመራማሪዎች በ2022 ባወጡት ሥራ የየሰዓቱን አማካይ ከአንድ ውድና አስተማማኝ መለኪያ ጋር አነጻጽረው በማሽን ለርኒንግ የሚያርሙበትን ዘዴ አሳይተዋል። ሰዓቱ መቼ ነው የሚዘጋው ታዲያ? ኔትወርክ አጥቶ የቆየ ሣጥን የሁለት ሰዓቱን ልኬት በአራት ሰዓት ቢልክስ? እኔ ብጽፈው ሁለት ሉፕ አደርገው ነበር። አንዱ ሰዓቱ እንደሞላ ያለውን ይዞ ያወጣል፤ ጠዋት ልጇን ወደ ትምህርት ቤት የምትሸኝ እናት የምትፈልገው ያን ነው፣ በአራት ሰዓት የደረሰ ፍጹም ቁጥር አይጠቅማትም። ሌላው ቀስ ብሎ የዘገዩትን እየጠበቀ ለተመራማሪው የታረመውን ይመዘግባል።

እዚህ ላይ ደግሞ አንድ የመጨረሻ እንቅፋት አለ። አሲንክሮነስ ኢተሬተር የተወሰደ ነገር አይመልስም፤ አንዱ ሉፕ የሳበው ልኬት ለሌላው አይደርሰውም። ሁለቱን ሉፖች በአንድ ምንጭ ላይ ብታስራቸው ልኬቶቹን ይሻሙባቸዋል፤ ሁለቱም አማካዮች ይሳሳታሉ፣ አንዱም ስህተት አይጮህም። ስለዚህ ከፊታቸው እያንዳንዱን ልኬት ለሁለቱም የሚገለብጥ ሌላ ቁራጭ መቀመጥ አለበት። ያ ቁራጭ ፈጣኑ ሉፕ ወስዶት ዘገምተኛው ገና ያልደረሰበትን ሁሉ ይዞ መቆየት ስላለበት የራሱ ቋት ያስፈልገዋል፤ የዚያ ቋት ልክም የሚወሰነው ረጅሙ የኔትወርክ መቋረጥ ስንት ሰዓት ይሆናል ተብሎ በሚገመተው ነው።